ትልቅ ውድድር ጅማ ሲመጣ ቤተሰብ ይዞ መውጣት ወይስ መቆየት? ደረጃ በደረጃ እንወስን

ትልቅ የእግር ኳስ ውድድር ጅማ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ቡና የሚጠጣበት ቤት ሁሉ ይሄው ጥያቄ ይነሳል፣ ልጆቹን ይዘን አጋሮ ዘመድ ጋ እንሂድ ወይስ እዚሁ እንቆይ። አንዱ ከተማው ይጨናነቃል ይላል፣ ሌላው ሌባ ይበዛል ይላል፣ ሌላው ደግሞ እንደውም ገንዘብ የሚገኝበት ጊዜ ነው የት ይኬዳል ይላል። ሁሉም የየራሱ እውነት አለው፣ ችግሩ ግን ሰው የሚወስነው ጎረቤቱ ያደረገውን አይቶ ነው፣ የራሱን ቤት አይቶ አይደለም።

የኔን አቋም ቀድሜ ልናገር። አብዛኛው የጅማ ቤተሰብ ከተማውን መልቀቅ አያስፈልገውም። የተወሰነው ቤተሰብ ሰፈር ቢቀይር ይበቃዋል፣ ማለትም እዚሁ ከተማ ውስጥ ራቅ ያለ ሰፈር ያለ ዘመድ ጋ ሄዶ ማደር። መውጣት ያለበት ጥቂት ነው። ደግሞ ሰው ቀድሞ "እናንተማ ውጡ" የሚላቸው፣ ነፍሰጡሮችና ህመምተኞች፣ ብዙ ጊዜ መውጣት የሌለባቸው እነሱ ናቸው። ለምን እንደሆነ ከታች በሰፊው እመጣበታለሁ።

ደረጃ 1፡ የሚመጣው ምን አይነት ውድድር እንደሆነ አጣሩ

አንድ ትልቅ ጨዋታና አንድ ወር የሚቆይ ውድድር በፍጹም አንድ አይደሉም። የአንድ ቀን ጨዋታ ከሆነ የሚያስቸግራችሁ ጠዋት ደጋፊ ሲገባ፣ ከጨዋታው በፊት ሁለት ሶስት ሰዓት፣ እና ካለቀ በኋላ ያለው ጊዜ ነው በቃ። ለዛ ብሎ ሻንጣ ማሰር ትርጉም የለውም፣ የዛን ቀን ገበያ አለመውጣት ይበቃል።

በ2013 ዓ.ም ፕሪሚየር ሊጉ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ክለቦቹ ከከተማ ከተማ እየዞሩ ነበር የተጫወቱት፣ ጅማም በዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ካስተናገዱት ከተሞች አንዷ ነበረች። እንደዚህ አይነቱ ዙር ቡድኖቹ ሆቴል ይይዛሉ፣ ጨዋታው በተለያዩ ቀናት ይበተናል፣ ከተማው ይችለዋል። ዋንጫ የሚወሰንበት ቀን ግን ሌላ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም ገና ፕሪሚየር ሊግ በገባበት ዓመት ዋንጫውን ሲወስድ የነበረውን ስሜት የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፣ ደስታም ቢሆን መንገድ ይዘጋል።

ትልቁ ደረጃ የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ኢትዮጵያ በ1962፣ በ1968 እና በ1976 (እ.ኤ.አ) ሶስት ጊዜ አዘጋጅታለች፣ ያኔ ጨዋታዎቹ የነበሩት አዲስ አበባ፣ አስመራና ድሬዳዋ ነው እንጂ ጅማ አልነበረም፣ ውድድሩም ትንሽ ነበር። አሁን 24 ቡድን 52 ጨዋታ ሆኗል፣ አንድ ወር ገደማ ይፈጃል። ሀገራችን የ2029ኙን ለማዘጋጀት ጥያቄ አቅርባ ስለነበር ነው ይሄ ወሬ በየከተማው የተነሳው። እንደዛ አይነት ውድድር አንድ ከተማ ቢደርሰው እንኳን ጨዋታው በየቀኑ አይደለም፣ በመሀል የእረፍት ቀን አለው። ስለዚህ ፕሮግራሙ እንደወጣ ወረቀት ላይ ገልብጡትና ግድግዳ ላይ ለጥፉት፣ የጨዋታ ቀን የትኛው ነው፣ ስንት ሰዓት ነው፣ ማን ከማን ነው። ብዙ ሰው የሚጨነቀው ለወሩ ሙሉ ነው፣ ወረቀቱን ሲያይ ግን በእውነት የሚከብዱት ቀኖች በጣት የሚቆጠሩ ይሆኑበታል።

ደረጃ 2፡ ሰፈራችሁን እዩ፣ ከተማውን አይደለም

ጅማ ትልቅ ናት። መርካቶ ያለ ቤትና ጅሬን ያለ ቤት፣ ፈረንጅ አራዳና ቦሳ፣ ለአንድ ጨዋታ የሚሰማቸው የተለያየ ነው። ከስታዲየሙ በእግር አስራ አምስት ደቂቃ ውስጥ ያለ ቤት የመኪና ጥሩንባ፣ ፓርኪንግ፣ በር ላይ የሚሸና ሰው፣ የተዘጋ መንገድ ይመጣበታል። ከዛ ራቅ ያለው የሚሰማው ባጃጅ ማጣትና የእቃ መወደድ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው መደበኛ ትልቅ ጨዋታ ቀን፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከቤታችሁ ወጥታችሁ እስከ ዋናው አስፋልት በእግር ሂዱ። ባጃጅ ይገኛል? አምቡላንስ በሰፈራችሁ መግቢያ ማለፍ ይችላል? አዌቱን የሚያሻግራችሁ ድልድይ ላይ ሰው ተጠቅጥቆ ነው ወይስ ያልፋል? የአዌቱ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ ወንዙ ከተማውን ስለሚከፍለው ሁሉም ሰው በዛችው ድልድይ ነው የሚጨናነቀው፣ ሁለተኛ መንገድ ካላችሁ አሁኑኑ እወቁት።

ሌላው የመታወቂያ ነገር ነው። ፓሪስ በ2024 ኦሎምፒክ ጊዜ፣ ታምራት ቶላ ማራቶኑን ባሸነፈበት ማለት ነው፣ በመክፈቻው ዋዜማ የሴን ወንዝ ዳርቻ ታጥሮ ነዋሪው ራሱ ቤቱ ለመግባት ኪውአር ኮድ ያለው ፈቃድ ማሳየት ነበረበት፣ የሜትሮ ትኬትም ከ2.15 ዩሮ ወደ 4 ዩሮ ወጥቶ ነበር። እኛ ጋ እንደዛ ባይሆንም በትልቅ ቀን መንገድ ታጥሮ ፍተሻ መኖሩ አይቀርም። ስለዚህ የቀበሌ መታወቂያችሁ የታደሰ ይሁን፣ ፋይዳ ያወጣችሁም ያዙት፣ ተከራዮች ደግሞ የኪራይ ውላችሁን ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። እዛ ሰፈር መኖራችሁን ማስረዳት ካቃታችሁ ልጅ አዝላችሁ ፀሀይ ላይ ትቆማላችሁ።

ደረጃ 3፡ ቤት ውስጥ ማን አለ?

ውሳኔው በአብዛኛው እዚህ ነው ያለው፣ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ነፍሰጡር ካለች፣ በተለይ ስምንተኛ ዘጠነኛ ወር ላይ ከሆነች፣ ከጅማ አትውጣ። "ገጠር አየሩ ንጹህ ነው፣ ጸጥታ ነው" ይሏታል አማቶቿ ለእሷ ብለው አስበው። ግን የጅማ ዩኒቨርሲቲ ህክምና ማዕከል ለደቡብ ምዕራቡ ክፍል 15 ሚሊዮን ለሚሆን ህዝብ ሪፈር የሚደረግበት ቦታ ነውኮ። ከአጋሮ፣ ከዴዶ፣ ከሊሙ፣ ከቦንጋ ምጥ የጠናባት ሴት የምትላከው ወደዚህ ነው። እሷን ይዞ ወደዛ መሄድ ማለት ሌላው በአምቡላንስ ከሚሸሽበት ቦታ ሄዶ መቀመጥ ነው። ጨዋታው ያስፈራችሁ ከሆነ ከስታዲየሙ ራቅ ያለ ግን ወደ ሆስፒታሉ ቀጥተኛ መንገድ ያለው ሰፈር ዘመድ ጋ ትሂድ። ባለ መኪና ጎረቤት ወይም የታወቀ ባለ ባጃጅ አስቀድሞ ይነገረው፣ ስልኩ ይያዝ፣ የጨዋታ ቀን ማታ ስልኩን እንዳያጠፋ ይለመን።

ዳያሊሲስ የሚያደርግ፣ ኬሞ የሚወስድ፣ በየሳምንቱ ቀጠሮ ያለው ሰውም እንደዚሁ። የሚሄድበት ቦታ ህክምናው ከሌለ አለመሄድ ነው። ቀጠሮው የጨዋታ ቀን ላይ ከወደቀ ከአሁኑ ሄዳችሁ ወደ ጠዋት እንዲዞርላችሁ ጠይቁ።

አስም ያለበት ልጅ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። በ1996 (እ.ኤ.አ) አትላንታ ኦሎምፒክ ጊዜ፣ ፋጡማ ሮባ ማራቶኑን ያሸነፈችበት ዓመት፣ ከተማው ሰው መኪናውን ትቶ በአውቶቡስና በባቡር እንዲሄድ አድርጎ ነበር፣ የጠዋቱ የትራፊክ መጨናነቅ 22 በመቶ ገደማ ቀነሰ፣ በመንግስት የጤና መድን የታቀፉ ልጆች በአስም ምክንያት ድንገተኛ ህክምና የፈለጉበት ቁጥርም 40 በመቶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። በኋላ የተሰሩ ጥናቶች የአየሩ መሻሻል ከጨዋታው ብቻ የመጣ ላይሆን ይችላል ቢሉም ነገሩ የሚያሳየው ውድድር በራሱ አየር እንደማያበላሽ ነው፣ የሚያበላሸው ትራፊኩ ነው። ስለዚህ ቤታችሁ አውቶቡስ ሞተር አስነስቶ የሚቆምበት መንገድ ዳር ከሆነ ልጁን ለእነዛ ቀናት አውጡት፣ ውስጥ ለውስጥ ሰፈር ከሆናችሁ ግን መስኮት ዘግቶ መድሃኒቱን መያዝ ይበቃል። አንድ ነገር አትርሱ፣ ገጠር ቤት ውስጥ የማገዶ ጭስ አለ። እሱም አስም ያስነሳል።

ሽማግሌዎችን በተመለከተ፣ ጠይቋቸው። ብዙ ቤት ለአያት ሳይነገራት ሻንጣዋ ይታሰራል። "የት ነው የምትወስዱኝ ልጆቼ፣ መድሃኒቴም እዚህ፣ ጎረቤቴም እዚህ" ካለች ልክ ነች፣ የለመደችው ሰፈር ከማታውቀው ጸጥታ ይሻላታል። የግፊትና የስኳር መድሃኒቷን የአንድ ወር አስቀድማችሁ ግዙና አስቀምጡላት።

ተማሪ ካለ ካላንደር እዩ። የአፍሪካ ዋንጫ ጥር ላይ ከሆነ ከመጀመሪያው መንፈቅ ፈተና ጋር ይጋጫል፣ ጥምቀትም እዛው ነው፣ ጃን ሜዳ ባይኖረንም ታቦት የሚያልፍበት መንገድና የደጋፊው መንገድ አንድ ቀን ሊገናኝ ይችላል። ሰኔና ሐምሌ ከሆነ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ፣ እሱም ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ነው የሚሰጠው። የሚፈተን ልጅ ያለበት ቤት ልጁን ዘመድ ጋ ጸጥ ያለ ቦታ ቢልክ ተገቢ ነው፣ ይሄ ከምር ለመውጣት ጥሩ ምክንያት ነው። ረመዳን ላይ ከዋለም የማታው ጨዋታ ከኢፍጣር ጋር ስለሚገጥም ያን ሰዓት ባጃጅ የሚባል አታገኙም፣ ከአስር ሰዓት በኋላ ከቤት ላለመራቅ ሞክሩ።

ደረጃ 4፡ የምትሄዱበት ቦታ ከጅማ ይሻላል ወይ?

ሰው መውጣቱን ይወስንና መድረሻውን በኋላ ያስባል። በተቃራኒው ነው መሆን ያለበት። ሰቃ ወይ ዴዶ ወይ ሰርቦ ከሆነ ቅርብ ነው፣ ሀያ ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ አንድ ነገር ቢፈጠር ትመለሳላችሁ። አጋሮ 45 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ሆስፒታልም አላት፣ ለልጆች ያለው አማራጭ ጥሩ ነው። አዲስ አበባ ግን 350 ኪሎሜትር ነው፣ በወልቂጤ በጊቤ በረሃ፣ አንድ ሙሉ ቀን። በዛ ላይ ስለ መንገዱ ሁኔታ በዛው ሳምንት ከሚመላለሱ ሾፌሮች መናኸሪያ ሄዳችሁ በአካል ጠይቁ፣ የፌስቡክ ወሬ አትመኑ።

ወደ ጊቤ ዝቅ ያለው አካባቢ የምትሄዱ ከሆነ ወባ አለ። ግልገል ጊቤ ግድብ ዙሪያ፣ አሰንዳቦና ሰኮሩ በኩል ማለት ነው፣ በተለይ ክረምቱ ወጥቶ ከመስከረም እስከ ህዳር ባለው ጊዜ ይብሳል። ከተማ ያደገ ህጻን በሽታውን ስለማያውቀው ቶሎ ይጎዳል። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፣ ከተመለሳችሁ በኋላም ልጁ ቢያተኩሰው "ጉንፋን ነው" ብላችሁ አትቀመጡ፣ ደም አስመርምሩ።

ከጥቅምት እስከ ታህሳስ ከሆነ ደግሞ የቡና ለቀማ ነው። የገጠር ዘመድ ቤት ያኔ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ግቢው ሙሉ ጀንፈል የተሰጣበት አልጋ ነው፣ ማታ ማታ ዝናብ ከመጣ ሁሉም ሮጦ ላስቲክ ያለብሳል፣ ጎተራው ተሞልቶ ትርፍ ክፍሉ ውስጥ ጆንያ ተደርድሯል። አምስት እንግዳ ያን ጊዜ ይዞ መድረስ ዘመድ ማስቸገር ነው። ከሄዳችሁ ልጆቹ ለቀማ ያግዙ፣ ስኳርና ዘይት ይዛችሁ ሂዱ፣ ባዶ እጅ አይኬድም።

ደረጃ 5፡ ሂሳቡን ስሩ

ወረቀት ላይ ሁለት መደብ አስምሩ። በአንዱ በኩል የመውጣቱን ጻፉ፣ ትራንስፖርት ደርሶ መልስ (የውድድር ሰሞን ታሪፍ ይጨመራል ብላችሁ አስቡ)፣ ለዘመድ የሚወሰድ እቃ፣ ለዘበኛ ወይም ቤት ለሚጠብቅ ሰው፣ ከስራ የሚቀረው ቀን። በሌላው በኩል የመቆየቱን፣ የተወደደ ሽንኩርትና ዘይት፣ ባጃጅ ኮንትራት። ብዙ ቤት ሲሰራው መቆየት ይረክሳል።

ሱቅ፣ ምግብ ቤት፣ ቡና ቤት ወይ ባጃጅ ያላችሁ ግን ወዴትም አትሂዱ፣ እቃ ግን አታብዙ። ለንደን በ2012 ኦሎምፒክ፣ ጥሩነሽ፣ መሰረትና ቲኪ ወርቅ ያመጡበት፣ ባለስልጣናቱ ቀደም ብለው "ይጨናነቃል ተጠንቀቁ" ብለው ህዝቡን አስጠንቅቀው ስለነበር ነዋሪው ሸሸ፣ መደበኛው ቱሪስትም ቀረ፣ መሀል ከተማው ከወትሮው ጭር ብሎ ባለሱቅና ባለታክሲ ገበያ አጣን ብለው አማረሩ። ሁሉም ሰው ይጨናነቃል ብሎ ከወጣ አይጨናነቅም። ለምግብ ቤት ይሄ ማለት ስጋና አትክልት በየቀኑ ግዙ፣ የማይበላሸውን ሽሮና በርበሬ አስቀድማችሁ አዘጋጁ።

ቤታቸውን ለእንግዳ አከራይተው ሊወጡ ያሰቡም አሉ። ጥሩ ገቢ ነው፣ ግን መታወቂያ ኮፒ ሳትይዙ፣ ቀበሌ ሳታሳውቁ፣ ውል ሳትጽፉ ቁልፍ አትስጡ። ተከራዮች ደግሞ "እንግዳ ስለመጣ ልቀቁ" ከተባላችሁ አትደንግጡ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል፣ ተግባራዊ የሚሆንባቸውን ከተሞች ደግሞ ክልሎች ይወስናሉ፣ ስለዚህ ቀበሌ ወይም ቤቶች ጽህፈት ቤት ሄዳችሁ ጅማ ላይ እንዴት እየተሰራበት እንደሆነ ጠይቁ። ውል የሌላችሁ አሁኑኑ አስጽፉ።

ደረጃ 6፡ መውጣት ከወሰናችሁ

ውድድሩ ሊጀመር ሁለት ሶስት ቀን ሲቀረው ውጡ። የጨዋታ ቀን ጠዋት መናኸሪያ መሄድ የለም፣ ደጋፊ የሚያመጣው መኪና ሁሉ ወደዚህ እየገባ ስለሆነ ወንበርም አታገኙ። በማለዳ ተነሱ፣ ጨለማ ሳይሆን ድረሱ።

የቤት ነገር፣ ሲሊንደሩን ዝጉ፣ ቆጣሪውን አጥፉ (ፍሪጅ ውስጥ የሚበላሽ ካለ ለጎረቤት ስጡ)፣ የውሃ መስመሩን ከዋናው ዝጉ፣ ምክንያቱም ውሃ በሌለበት ሰዓት ቧንቧ ከፍቶ የረሳ ሰው ሲመለስ ቤቱ ዋኝቶ ነው የሚያገኘው። ለእድራችሁ ሰው ወይ ለቅርብ ጎረቤት ንገሩ፣ ቁልፍ ተዉላቸው፣ ማታ የውጭ መብራት እንዲያበሩ ጠይቋቸው። መሄዳችሁን ቲክቶክና ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ፣ ልጆቹንም ተቆጣጠሯቸው፣ ፎቶውን ከተመለሱ በኋላ ይለጥፉት።

ደረጃ 7፡ ከቆያችሁ

ውሃ ቅዱ። የእንግዳ ብዛት ሲጨምር ፈረቃው ይዛባል፣ እና ሆቴሎች በቦቴ ስለሚያስመጡ ቦቴ ራሱ ይወደዳል። ቢያንስ ለአራት አምስት ቀን የሚሆን በጄሪካን ያዙ፣ ለመጠጥ የሚሆነውን ለይታችሁ ክዳን ያለው ላይ አድርጉ። ከሰል፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሻማ ወይ ቻርጅ የሚደረግ መብራት። ብርም በእጃችሁ ያዙ፣ ሰው ሲበዛ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ ቴሌብርም ሲቢኢ ብርም ላይሰራላችሁ ይችላል።

ልጆች ስታዲየም መግባት ይፈልጋሉ፣ እሱ ደግሞ ለብቻው መነገር ያለበት ነው። ስታዲየም ላይ ሰው የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጠብ አይደለም፣ በር ላይ የሚፈጠር ግፊት ነው። በጥር 2022 ያውንዴ ኦሌምቤ ስታዲየም ካሜሩን ከኮሞሮስ ስትጫወት መግቢያ በር ተዘግቶ ሰው ተጨናንቆ 8 ሰው ሞተ። በግንቦት 2001 አክራ ላይ ፖሊስ አስለቃሽ ጭስ ሲተኩስ ሰው ወደ መውጫ ሮጠ፣ በሮቹ ተቆልፈው ነበር፣ 126 ሰው ሞተ። (ሁለቱም እ.ኤ.አ ናቸው።) በእንደዚህ ያለ ግፊት ሰው የሚሞተው ተረግጦ ብቻ አይደለም፣ ቆሞ እያለ ደረቱ ተጨምቆ መተንፈስ ሲያቅተው ነው። ህጻን ደግሞ ፊቱ ከአዋቂ ሆድና ወገብ ጋር እኩል ስለሆነ ቀድሞ አየር ያጣል።

ስለዚህ ከሰባት ስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ትልቅ ጨዋታ ላይ አታስገቡ፣ ቤት በቲቪ ይይ። የምታስገቡት ካለ ከአንድ አዋቂ አንድ ልጅ። በሩ ሲከፈት ቀድማችሁ ግቡ፣ ቁጭ ስትሉ መውጫው የት እንደሆነ ለልጁ በጣት አሳዩት፣ ከገባችሁበት ሌላ መውጫም ፈልጉ። የስልክ ቁጥራችሁን ክንዱ ላይ በእስክርቢቶ ጻፉለት፣ ከተጠፋፋን የምንገናኝበት እዚህ ሱቅ ጋ ነው በሉት፣ በስልክ አትመኑ። ሲያልቅ ወይ አስር ደቂቃ ሲቀረው ውጡ ወይ ደግሞ ሰው እስኪያልቅ ተቀመጡ፣ መሀሉ ላይ አትግቡ። ግፊት ከጀመረ ልጁን ከፊታችሁ ደረት ላይ አቅፉት፣ ክንዳችሁን ከፊት አጥፋችሁ ለመተንፈሻ ክፍተት ፍጠሩ፣ ከግፊቱ በተቃራኒ አትታገሉ፣ እየገፋችሁ ሳይሆን በሰያፍ ወደ ዳር ውጡ። ጫማ ወይ ስልክ ቢወድቅ ተዉት፣ ጎንበስ ያለ ሰው አይነሳም።

ማታ ደጋፊ ሲጨፍር ልጆች በር ላይ ቆመው ማየት ይወዳሉ፣ ከግቢ ውስጥ ሆነው ይዩ፣ መኪና ላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ሹፌሩ የሚያየውን ይከልላል።

ደረጃ 8፡ መመለስ

የወጣችሁ ከሆነ የመጨረሻው ጨዋታ ማታ አትመለሱ፣ በማግስቱም ጠዋት መንገዱ በሚወጡት ደጋፊዎች የተሞላ ነው። አንድ ቀን ዘግይታችሁ፣ በማለዳ ኑ። ከመነሳታችሁ በፊት ቁልፍ የተዋችሁለት ጎረቤት ጋ ደውሉ፣ ውሃ አለ ወይ፣ መብራት አለ ወይ፣ መንገድ ተከፍቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ቤት እንደገባችሁ ቆጣሪ ከማብራታችሁ በፊት በርና መስኮት ክፈቱ፣ ሲሊንደሩን አሽትታችሁ ነው እሳት የምትለኩሱት። የቆየ ውሃ በታንከር ውስጥ ካለ ለመጠጥ አታድርጉት፣ ለጽዳት ተጠቀሙበትና አዲስ ቅዱ። ለጎረቤት የሚሆን ቅቤ ወይ ማር ይዛችሁ መምጣታችሁንም አትርሱ፣ ቤታችሁን ሲጠብቅ ከርሟል።